በር አጠገብ ለተቀመጣችሁት

እንደምን ዋላችሁ።

«ወንድሞቼና እህቶቼ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ተውኩት። ብዙዎቻችን ይህን አጠራር ለዓመታት ከመድረክ ስንሰማው ኖረናል። ዛሬም ሲነሳ ሆዳችንን ባር ባር የሚለን አለን። ስለዚህ እንደምን ዋላችሁ ይበቃል።

ከሁሉ በፊት በር አጠገብ ወንበር የያዛችሁትን ላመስግን። ለምን እዚያ እንደተቀመጣችሁ አውቃለሁ። ከጥብቅ ሃይማኖታዊ ማኅበር ወጥታችኋል። እዚህ ያለነው ሰዎች፣ «ከሃዲዎቹ»፣ ግን አሁንም እናስፈራችኋለን። ዛሬ የማወራው ስለዚህ ፍርሃት ነው። እኔን ከወጣሁ በኋላ እንኳ 4 ዓመት ይዞኝ ኖሯል።

ባደግኩበት ማኅበር ከሃዲ እንደ ተላላፊ በሽታ ይታይ ነበር። ቤት አይገባም፣ ሰላም አይባልም። የጻፈው አይነበብም። ደብዳቤው ሳይከፈት ይቀደዳል። የ6 ዓመት ልጅ ሳለሁ እናቴ መንገድ ላይ እጄን ጨምድዳ ይዛ ወደ ማዶ አሻገረችኝ። ከፊታችን ይመጡ የነበሩት መዝሙር ያስተማሩኝ ሴትዮ ናቸው። ከጥቂት ወራት በፊት አቅፈው ይስሙኝ ነበር። «እንዳታዪያቸው» አለችኝ እናቴ። መዳፏ በላብ ርሶ ነበር። ከሰማሁት ስብከት ሁሉ ይልቅ ያ ላብ አስተማረኝ።

በ28 ዓመቴ ማኅበሩን ተውኩ። ስሜ በጉባኤ ፊት ተነበበ። አብሮ አደጎቼ ስልኬን ማንሳት አቆሙ። በእነሱ ዘንድ ከሃዲ ሆንኩ ማለት ነው። በሦስተኛው ዓመት አንድ ቀን ሐኪም ቤት ተራ ስጠብቅ እኚያ ሴትዮ ገቡ። አርጅተዋል፤ ምርኩዝ ይዘዋል። ልቤ ከደረቴ ሊወጣ ደረሰ። ተነስቼ መጸዳጃ ቤት ገባሁና በሩን ቆለፍኩ። ተራዬ አለፈ። ትምህርቱን ትቼው ሰውነቴ ገና እዚያው እንዳለ የገባኝ ያኔ፣ ከበሩ ጀርባ ቆሜ ነው።

ትምህርትን ሰው ያነባል፣ ያመዛዝናል፣ ካላመነበት ይተዋል። ይህ ፍርሃት ግን ሲገባ በክርክር አልገባም። ስለዚህ በክርክር አይወጣም።

እስቲ ቃሉን እንየው። ብድር ወስዶ «አልወሰድኩም» ያለ ሰው ካደ እንለዋለን። ውለታ የረሳም ካደ ይባላል። አገሩን ለጠላት አሳልፎ የሰጠ ክህደት ፈጸመ ይባላል። «ይህን ከእንግዲህ አላምንም» ያለን ሰው በዚሁ ቃል ስንጠራው፣ ሳናስበው ከአጭበርባሪና ከባንዳ ጋር አንድ ላይ አሰለፍነው። እሱ ግን የማንንም ገንዘብ አልበላም። ያደረገው ሐሳቡን መለወጥ ነው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1948 ያጸደቀው ሁለንተናዊ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 18 ሃይማኖትን ወይም እምነትን መለወጥ የማንኛውም ሰው ነጻነት መሆኑን በግልጽ ጽፎታል። ይህን አንቀጽ መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ደጋግሜ አነበብኩት።

ሰውን ማራቅ በእኛ ማኅበር አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1693 አሚሾች የሚባሉት ክርስቲያኖች ከሌሎች የእምነት ወንድሞቻቸው የተለያዩበት አንዱ ዋና ምክንያት «የተወገዘን ሰው ምን ያህል እንራቀው?» የሚል ክርክር ነበር። ከዚያም በፊት፣ በ1656፣ የአምስተርዳም የአይሁድ ማኅበረሰብ በኋላ ታዋቂ ፈላስፋ የሆነውን የ23 ዓመቱን ባሩክ ስፒኖዛን አውግዟል። ውግዘቱ ማንም በቃልም በጽሑፍም እንዳያነጋግረው፣ ከእሱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እንዳይሆን፣ ከ4 ክንድ በላይ እንዳይጠጋው፣ የጻፈውንም እንዳያነብ ያዛል።

አንድ ነገር ግን ውግዘቱ ውስጥ የለም። ወጣቱ በትክክል ምን እንዳለ አልተጻፈም። አስጸያፊ ኑፋቄ ይላል፤ የትኛው እንደሆነ አይነግርም። ይህ በጣም ያሳስበኛል። ሐሳቡ ተነግሮ ቢሆን ሰሚው በራሱ ይመዝነው ነበር። ያልተነገረ ነገር ግን በየሰዉ ሆድ ውስጥ ያድጋል። እኛስ? «ከሃዲዎች ምን ይላሉ?» ብንባል አንዳችንም መመለስ አንችልም ነበር። መፍራቱን ብቻ እናውቅበታለን።

ታዲያ ከሰውነት እንዴት ይወጣል? ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1924 ስለ አንድ ጥንቸል የሚፈራ ሕፃን ጽፋለች። ሕፃኑ የሚወደውን ሲበላ ጥንቸሏ ከሩቅ ትቀመጣለች። ሌላ ቀን ትንሽ ትጠጋለች። ሌላ ቀን ደግሞ ትንሽ። በመጨረሻ ልጁ ራሱ እጁን ዘርግቶ ደባበሳት። ማንም አስገድዶ እላዩ ላይ አልጣለበትም።

ስንሸሽ ለጊዜው እፎይ እንላለን። ሰውነታችን ግን «የተረፍኩት ስለሸሸሁ ነው» ብሎ ይመዘግባል። በሚቀጥለው ጊዜ የባሰ ይፈራል። እኔ መጸዳጃ ቤት ውስጥ የተቆለፍኩ ቀን ፍርሃቴን መግቤው ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ በትንሹ ጀመርኩ። ከማኅበሩ የወጣ ሰው የጻፈውን በቀን 5 ደቂቃ ማንበብ። በጠራራ ፀሐይ፣ ጓደኛዬ አጠገቤ ተቀምጣ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። መብረቅ አልወረደብኝም። በሦስተኛው ሳምንት ጽሑፉ ሰለቸኝ። መሰልቸት እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር።

ቀጥሎ የሴትዮዋን ስልክ አፈላልጌ አገኘሁ። ሁለት ጊዜ ደውዬ ዘጋሁት። በሦስተኛው ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ተገናኘን። እኔ ለክርክር ተዘጋጅቼ፣ መልሶቼን ሸምድጄ ነው የሄድኩት። እሳቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ፣ «የእናትሽ ጉልበት ተሻላት ወይ?» ብለው ነው። እናቴ 26 ዓመት ሙሉ ሰላም አላለቻቸውም። እሳቸው ጉልበቷን አልረሱም። ስለ ትምህርት አንዲት ቃል አላነሱብኝም። እኔ ማልቀስ ብቻ ሆነ ሥራዬ።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። የወጣ ሁሉ ደግ አይደለም። በምሬት የተሞላ አለ። ከአንዱ ጥብቅ መሪ ወጥቶ ሌላ ጥብቅ መሪ የሚፈልግ አለ። እኛንም ቢሆን በጅምላ አትመኑን። እንደማንኛውም ሰው አንድ በአንድ እዩን። ፍርሃቱ ሌሊት ተመልሶ ቢመጣ ደግሞ ማኅበሩ ልክ ነበር ማለት አይደለም፤ አሮጌ ልማድ ነው። እንቅልፍ ከነሳችሁ፣ ሥራ ካስፈታችሁ፣ ለብቻችሁ አትታገሉት። የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሂዱ። እኔም ሄጃለሁ።

ታናሽ ወንድሜ አሁንም እዚያ ነው። ባለፈው መንገድ ላይ አይቶኝ ወደ ማዶ ተሻገረ። የልጁን እጅ ይዞ ነበር። አመመኝ፤ አልዋሽም። ግን በዚያች ደቂቃ መዳፉ ምን ያህል እንደሚያልበው ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ አልተከተልኩትም፤ አልጮኽኩበትም። ልጁ ዞሮ አየኝ። ፈገግ አልኩለት።

በር አጠገብ ያላችሁት፣ ዛሬ መጥታችሁ እኔን ማቀፍ አይጠበቅባችሁም። ሰላምም አትበሉኝ፣ ካልቻላችሁ። ሳልጨርስ ብትወጡም አልቀየምም። በሚቀጥለው ወር ወንበራችሁ እዚያው በሩ አጠገብ ይጠብቃችኋል።