ካፖርቱ ሦስተኛ ይምጣ

ውድ ተማሪዎች፣ ውድ መምህራን፣ የፊልምና የአልባሳት ሙያ ወዳጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ካፖርት ነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጥቁር ወይም ግራጫ ነው። ወገቡ በቀበቶ ጥብቅ ብሏል። ከሥሩ የሚያብረቀርቅ ቦት ጫማ አለ። አንድ ገጸ ባህሪ ይህን ለብሶ ከጠፈር መርከብ ሲወርድ፣ ገና አፉን ሳይከፍት ክፉ መሆኑ ይገባናል። ደራሲው ምንም ማስረዳት አይጠበቅበትም። ናዚ የሚለውን ቃል ሳያነሳ ናዚን አምጥቶልናል።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ቅለት ነው።

ከምታውቁት ልጀምር። የምጠራቸው ዓመቶች፣ ከአንዱ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ1977 የወጣውን የመጀመሪያውን የስታር ዋርስ የጠፈር ፊልም አስታውሱ። ልብሶቹን ያዘጋጀው ጆን ሞሎ የወታደር ዩኒፎርም ታሪክ አዋቂ ነበር። ለዚህ ሥራው ኦስካር ወስዷል። የነጭ ለባሾቹ ወታደሮች መጠሪያ፣ ስቶርምትሩፐር፣ እንኳ ከጀርመን ጦር የተወሰደ ነው። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ክፉዎቹ ክፉ ለብሰዋል። መጨረሻው ላይ ግን ጀግኖቹ ሜዳሊያ ሊቀበሉ ሲሄዱ ግራና ቀኝ በተሰለፈ ጦር መሃል ያልፋሉ። ብዙ የፊልም አጥኚዎች ይህንን ትዕይንት ሌኒ ሪፈንሽታል በ1934 ኑረምበርግ ላይ ከቀረጸችው የናዚ ፕሮፓጋንዳ ፊልም ጋር ያመሳስሉታል። አያችሁ? ያው አሰላለፍ ለጀግናም ሆነ። ሰልፉ በራሱ ኃይልን ብቻ ነው የሚያሳየን። ኃይሉ ማንን እንደደፈጠጠ አይነግረንም።

አሁን ወደ ልብሱ ልመለስ። ለእናንተ ለባለሙያዎቹ ዋናው እዚህ ጋ ነው።

የናዚ ፓርቲ የታጠቀ ክንፍ የነበረውን የኤስኤስን ጥቁር ዩኒፎርም፣ የልብስ ኩባንያ ባለቤቱ ሁጎ ቦስ ነደፈው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ስህተት ነው። የነደፉት ካርል ዲቢች እና ዋልተር ሄክ ናቸው፤ ሁለቱም የኤስኤስ አባላት ነበሩ። ሁጎ ቦስ ግን ሰፍቶላቸዋል። በ1931 የናዚ ፓርቲን ተቀላቀለ። ሜትሲንገን በምትባል ትንሽ ከተማ የነበረው ፋብሪካው ለናዚ ድርጅቶችና ለጦሩ ዩኒፎርም ያመርት ነበር። በጦርነቱ ጊዜ በመርፌውና በማሽኑ ላይ የተቀመጡት 140 ያህል በግዳጅ የመጡ ሠራተኞች ነበሩ። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። 40 የፈረንሳይ ምርኮኞችም ነበሩ። ኩባንያው በ2011 ይቅርታ ጠይቋል።

ይህንን ባወቅሁ ጊዜ ያ ካፖርት ሌላ ሆነብኝ። ስፌቱን ሳይ ጣቶች ይታዩኛል። በፊልም ላይ ግን እነዚህን ሴቶች አናይም። ልብሱ መጣ፣ እነሱ ቀሩ።

ደግሞ አንድ ነገር አንርሳ። ልብሱ እንዲያምር ተብሎ የተሠራ ነው። ወጣቱ አይቶት "እኔም ልልበሰው" እንዲል። ስለዚህ ተመልካች በክፉው ሰው አለባበስ ቢማረክ አልፈርድበትም። የነዳፊዎቹ ሐሳብ ዛሬም እየሠራ ነው ማለት ነው።

ይህንን ጠንቅቆ ያወቀ አንድ ዳይሬክተር አለ፤ ፖል ቨርሆቨን። በ1938 አምስተርዳም ተወለደ። ልጅነቱን ያሳለፈው ጀርመኖች በያዟት ዘ ሄግ ነው። በ1997 በሠራው የጠፈር ጦርነት ፊልም፣ ስታርሺፕ ትሩፐርስ፣ ያንን ካፖርት ያለበሰው ለጀግኖቹ ነው። ቆንጆ፣ ደፋር፣ ሳቂታ ወጣቶች ናቸው። አብረናቸው "በለው!" እያልን ቆይተን ልብሳቸውን ስናይ እንደነግጣለን። አንዳንድ ተቺዎች ነገሩ ስላልገባቸው ፊልሙን ራሱን ፋሺስት አሉት። እኔ ግን ከሁሉም ሐቀኛው እሱ ይመስለኛል።

ተቃራኒውን ደግሞ በ2017 የወጣ ዎልፈንስታይን የተባለ ጌም ላይ አየን። ታሪኩ ናዚዎች አሜሪካን ስለያዙበት ዓለም ነው። የጀርመን ሕግ የናዚ ምልክቶችን ስለሚከለክል፣ እዚያ በተሸጠው ቅጂ የናዚ ዓርማ የሆነው ስዋስቲካ ተወገደ። የሂትለር ጺም ተላጨ። "ናዚ" የሚለው ቃል "አገዛዙ" ተባለ። ቦቱና የብረት ቆቡ ግን ባሉበት ቀሩ! በ2018 አሠራሩ ተለውጦ፣ ምልክቱ የገባበት ምክንያት እየታየ የሚፈቀድበት መንገድ ተከፈተ። ደግ አደረጉ። ስሙ ተፍቆ ልብሱ ብቻ ሲቀር ማን ምን እንዳደረገ ይጠፋል።

እኛም ይህን ከሩቅ የምናየው ጉዳይ አይደለም። የእኛው ፋሺስት ጥቁር ሸሚዝ ነበር የለበሰው። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ፣ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ከነሰዉ አቃጥለዋል። ስድስት ኪሎ ያለውን የሰማዕታት ሐውልት ጠጋ ብላችሁ እዩት። በታክሲ ስታልፉ ሳይሆን በእግር ሄዳችሁ። ቅርጾቹ ላይ የተገደሉትና ያለቀሱት ሰዎች አሉ።

እንግዲህ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ለአንድ ልብ ወለድ ክፉ ጦር ዩኒፎርም ንደፉ። ከየትኛውም ዓለም ይሁን። መጀመሪያ ግን ልብሱን እንዲሰፋ የተገደደውን ሰው ሳሉ። ቀጥሎ ያ ጦር ቤቱን ያቃጠለበትን ሰው ሳሉ፤ ምን እንደለበሰ፣ በእጁ ምን ይዞ እንደሸሸ። ካፖርቱ ሦስተኛ ይምጣ። ሦስቱንም ሰኞ ይዛችሁልኝ ኑ፣ ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን እንሰቅላቸዋለን።

አመሰግናለሁ።