ላልተገኘ ቅንጣት ልክ ማውጣት

የተከበራችሁ መምህራን፣ ተመራማሪዎችና ተማሪዎች፣

እንድናገር የተጋበዝኩት ስለ ግዙፍ ከዋክብት ፍንዳታ ነው፤ ይሁንና አብዛኞቻችሁ የምታውቁትን ቅሬታ ሳላነሳ አላልፍም። አክሲኦን ስለሚባለው፣ በንድፈ ሐሳብ ብቻ ስለሚታወቅ ቅንጣት ያቀረብነውን ጥናት የመረመረው የገምጋሚዎች ቡድን «መኖሩ ላልተረጋገጠ ቅንጣት ገንዘብ አይመደብም» ብሎ ማመልከቻውን መልሶታል።

ለዚህ ቃል መልሱ የተሰጠው የካቲት 16 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4:35 ገደማ ነው። ጃፓን ውስጥ፣ በካሚዮካ የማዕድን ጉድጓድ፣ 1,000 ሜትር ያህል ከመሬት በታች፣ 3,000 ቶን ውሃ የያዘው ካሚዮካንዴ የተባለ የቅንጣት መመልከቻ ነበረ። የተሠራው ፕሮቶን ሲፈርስ ለማየት ነው፤ ፕሮቶን ሲፈርስ ግን እስከ ዛሬ ያየ የለም። በዚያች ጠዋት፣ ከ160,000 የብርሃን ዓመት በላይ ርቆ፣ ጎረቤት ጋላክሲ በሆነው በታላቁ የማጄላን ደመና ከፈነዳ ኮከብ የተነሡ ኒውትሪኖዎች፣ ማለትም ከቁስ ጋር እምብዛም የማይነካኩ እጅግ ቀላል ቅንጣቶች፣ ደረሱ፤ ውሃውም 11 ያህሉን ያዘ። ስምንቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰከንዶች ገቡ። ከዚያ ሰባት ሰከንድ ያህል ምንም አልነበረም። የቀሩት ሦስቱ እየተንጠባጠቡ መጥተው፣ የመጨረሻው ከ12 ሰከንድ በኋላ ደረሰ። የእኛ ገምጋሚዎች ቶኪዮ ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ፣ ያ ውሃ እዚያ ይጠራቀም ነበርን? የካሚዮካንዴ ሙከራ መሪ ማሳቶሺ ኮሺባስ በ1995 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ይካፈሉ ነበርን?

የኮከቡ እምብርት ሲደረመስ ከሚወጣው ኃይል 99 በመቶ ያህሉን የሚወስደው ኒውትሪኖ ነው። አክሲኦን ካለና ከእምብርቱ በቀላሉ የሚሾልክ ከሆነ ግን፣ ሙቀቱን ተሻምቶ ይወጣል፤ ከተደረመሰው እምብርት አዲስ የተወለደው ኒውትሮን ኮከብ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል፤ የኒውትሪኖውም ፍሰት በአጭሩ ይቋረጣል። እነዚያ ሦስቱ ዘግይተው መምጣታቸው እንግዲህ አክሲኦን ከፕሮቶንና ከኒውትሮን ጋር ያለው ትስስር ከምን ያህል መብለጥ እንደማይችል ነገረን። ማንም ላላየው ቅንጣት ልክ ወጣለት ማለት ነው! በጥቂት ኒውትሪኖዎች ላይ የቆመ ወሰን አያከራክርም አልልም፤ ያከራክራል፤ ጥናት ያስፈለገውም ለዚሁ ነው።

ከበድ ያሉት የአክሲኦን ዘመዶች ደግሞ በኮከቡ የላይኛው ንብርብር ውስጥ ፈርሰው ኃይላቸውን እዚያው ቢያራግፉ ፍንዳታውን ያግዙታል፤ እገዛው ከልክ ካለፈ ግን ደካማ ሱፐርኖቫ፣ ማለትም ደካማ የኮከብ ፍንዳታ፣ የሚባል ነገር ባልታየ ነበር።

ዛሬ ሱፐር ካሚዮካንዴ 50,000 ቶን ውሃ ይዞ ይጠብቃል፤ በራሳችን ጋላክሲ አንድ ግዙፍ ኮከብ ቢፈነዳ የሚቆጥረው በሺዎች ነው። ማመልከቻችን በሚቀጥለው ዙር እንደገና ይገባል። ርዕሱ አይለወጥም።

አመሰግናለሁ።