ውሃው የሸሸ ቀን

ሄለን፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ብሩክ ዛሬ አፍንጫው ተልጦ ነው የመጣው።

ብሩክ፦ ተይኝ እባክሽ። ቅዳሜ የቴክሳሷ የባሕር ዳር ከተማ ጋልቬስተን ዓሣ ሳጠምድ ዋልኩ፣ ባርኔጣዬን መኪና ውስጥ ረሳሁት።

ሄለን፦ ከሂዩስተን አንድ ሰዓት ነድተህ ምን ይዘህ መጣህ?

ብሩክ፦ ሁለት ሬድፊሽ፣ የባሕር ዓሣ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ግን ባዶ እጄን ነበር የምመለሰው። ሐዋሳ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ዓሣ ማጥመድ አውቃለሁ ብዬ ነው የሄድኩት።

ሄለን፦ ሐይቅም ባሕርም ያው ውሃ አይደል እንዴ?

ብሩክ፦ ሐይቅ ባለበት ይጠብቅሻል። ባሕር ይሄዳል፣ ይመጣል። ጋልቬስተን ቤይ፣ ማለት እዚያ ያለው የባሕር ወሽመጥ፣ ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ዳር ዳሩን ከጉልበት እስከ ወገብ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ቡናማ ውሃ ይመስልሻል። እኔ አርቆ መወርወር ጉብዝና መስሎኝ ትከሻዬ እስኪዝል እወረውራለሁ። ዓሣው ለካ ከኋላዬ፣ ዳር ላይ ያለው የረግረግ ሳር ሥር ነው!

ሄለን፦ እንዴት ነቃህ ታዲያ?

ብሩክ፦ በነፋስ። እዚያ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ትንሽ ነው፣ ብዙውን ቀን ከግማሽ ሜትር አይዘልም። ኃይለኛ የሰሜን ነፋስ ሲነፍስ ግን ውሃውን ገፍቶ ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ያስወጣዋል። አንድ ቀን ጥር ላይ ስደርስ ውሃ የለም። ጭቃ ብቻ! ተናድጄ መኪናዬን ላስነሳ ስል ዞር ብዬ አየሁ።

ሄለን፦ ምን አየህ?

ብሩክ፦ ከሳሩ መሃል የምትወጣ ቦይ። ስፋቷ የቤት በር ቢያክል ነው። መታጠፊያዋ ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ ውሃ ቋጥሯል። ፈንጠር ብሎ ኦይስተር የሚባል ጠንካራ ቅርፊት ያለው የባሕር እንስሳ ክምር አለ፣ እንደ ተሰበረ ገል የሾለ። እኔ ስድስት ወር የወረወርኩበት ቦታ ደግሞ ልሙጥ አሸዋ። ሸርጣን እንኳ ዝር አይልበትም። ስልኬን አውጥቼ ሁሉንም ፎቶ አነሳሁ።

ሄለን፦ የጭቃ ፎቶ!

ብሩክ፦ ከሠርግ ፎቶዬ የበለጠ አየዋለሁ። ባለቤቴ እንዳትሰማ። አየሽ፣ ውሃው ሲሞላ ሬድፊሹ በዚያች ቦይ ሽቅብ ወደ ሳሩ ይገባል። ሲጎድል ሽሪምፑም ትንንሹ ሸርጣንም በዚያው ይወጣል። ሬድፊሹ የቦይዋ አፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ መርካቶ የጭነት መኪና እንደሚጠብቅ ደላላ።

ሄለን፦ ነገ አዲስ ቦታ የሚሄድ ሰውስ? ነፋስ በትዕዛዝ አይመጣለትም።

ብሩክ፦ ማታ የሳተላይት ካርታ ይይ። ቦዮቹ ይታያሉ። ሲደርስ ዘንጉን መኪና ውስጥ ትቶ ግማሽ ሰዓት ዝም ብሎ ይመልከት። ሙሌት የሚባል ዓሣ አለ፣ ይዘላል። አንዱ ብቻውን ቢዘል ምንም ማለት አይደለም። መንጋው ደንግጦ ሲበተን ግን ከሥር የሚያባርረው አለ። ሬድፊሽ ደግሞ አፉን ጭቃ ውስጥ ቀብሮ ሲበላ ጅራቱ ከውሃ በላይ ይወጣል። ጅራቱ ሥር ጥቁር ነጥብ አለችው። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ፈዝዤ መወርወር ረሳሁ።

ሄለን፦ እኔ ብሆን ያ ጭቃ ውስጥ እግሬን አላስገባም።

ብሩክ፦ መፍራትሽ ልክ ነው። ስቲንግሬይ የሚባል ጠፍጣፋ ዓሣ አሸዋ ውስጥ ይተኛል፣ ጅራቱ ላይ መርዛም እሾህ አለው። ስለዚህ እግር አይነሳም፣ ይጎተታል። ንዝረቱ ሲሰማው ይሸሻል። ቁስል ያለበት ሰው ደግሞ በሙቀት ወራት አይግባ። ቪብሪዮ የሚባል ባክቴሪያ አለ፣ ሰው ይገድላል።

ሄለን፦ ፈቃዱስ?

ብሩክ፦ ለጨው ውሃ የሚሆን የቴክሳስ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሬድፊሽ ከ20 እስከ 28 ኢንች የሆነውን በቀን 3 ነው። ሕጉ ስለሚሻሻል ከመሄድ በፊት ማየት ነው። ቅዳሜ አንዱ 19 ተኩል ሆነብኝ። ሦስቴ ለካሁት፣ አላደገም።

ሄለን፦ መለስከው?

ብሩክ፦ እያለቀስኩ።

ሄለን፦ ሁለቱስ? ለእኔ እንኳ ሳትል?

ብሩክ፦ በሁዳዴ? እናቴ እኮ እኛ ጋ ናት። ዓሣ ይበላል አይበላም ስንከራከር አመሸን።

ሄለን፦ ማን አሸነፈ?

ብሩክ፦ ፍሪዘር ውስጥ ናቸው። ፋሲካን እየጠበቁ።