ምልልሱ ነው የሚጨርሰው

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ ፍርድ ቤት ነው የማወራው። አይዟችሁ፣ ሕግ አላስተምርም፣ የሕግ ሰውም አይደለሁም። ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁ፣ ዘመድ አዝማድ ችሎት ሲመላለስ ያየሁ ሰው ነኝ።

ሰሞኑን ፍርድ ቤቶች ዲጂታል ሊሆኑ ነው የሚል ወሬ በየሚዲያው እሰማለሁ። ደስ ይላል። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ስንት ምልልስ ያስቀራል? ስንት ኮምፒውተር ተገዛ፣ ማን ሪባን ቆረጠ፣ እሱ ይቆየኝ።

የእኛ አገር ሰው ሙግት አይፈራም። "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ" ብሎ የሚተርት ሕዝብ ነው። ድሮማ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ከተጋጨ "በሕግ አምላክ!" ብሎ አላፊ አግዳሚውን አቁሞ ይዳኝ ነበር። ያልተስማማ ወደ በላይ ዳኛ ይወጣል። ዛሬ ግን በቅሎዋ ገና ፍርድ ሳታይ በምልልስ ታልቃለች።

አክስቴ የውርስ ክርክር ነበረባት። ቤቷ መንዝ ነው። ፍርድ ቤቱ የት እንደሆነ ይቅር። የቀጠሮ ወረቀቷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ የሰነዱን ኮፒ በፌስታል ይዛ፣ ጎሕ ሲቀድ ትነሳለች። ጣርማበርን በዚያ ጉም ውስጥ አልፋ ትደርሳለች። አንድ ቀን ከእሷ ጋር ነበርኩ። የችሎቱ በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ፊደል ስለማትለይ አንዱን ወጣት "እስቲ አንብብልኝ ልጄ" አለችው። "እማማ፣ ዳኛው ስልጠና ሄደዋል፣ ቀጠሮው ተቀይሯል" አላት። ወረቀቱን መልሳ ቋጠረችና "እንግዲህ ትራንስፖርቱን ማን ይከፍለኛል?" አለች። መልስ አልነበረኝም። የዳኝነት ክፍያ እንደሆነ አንዴ ነው፣ ያውም አቅም የሌለው በድሃ ደንብ፣ ማለትም ሳይከፍል፣ መክሰስ ይችላል። የመኪናውን፣ የማደሪያውን፣ ያልታረሰውን ቀን ግን የሚሸፍን ደንብ አላየሁም።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ዳኛው አለ፣ መጥሪያው አልደረሰም። መጥሪያ የሚባለው ነገር ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ብዙ ጊዜ ከሳሹ ራሱ ተሸክሞ እንዲያደርስ ይሰጠዋል። አስቡት፣ በርስት የተጣላችሁትን ሰው ደጅ አንኳኩታችሁ "እንካ፣ ከስሼሃለሁ፣ ፈርም" ስትሉት። አልቀበልም ይላል። ወይ "የለም" በሉ ብሎ ጓዳ ይገባል። ከዚያ ቃለ መሐላ፣ ከዚያ በቀበሌ በኩል፣ ከዚያ መለጠፍ። እያንዳንዷ አንድ ቀጠሮ ትበላለች።

መጥሪያው ደርሶ፣ ምስክር ተሰምቶ ሲያልቅ ደግሞ "መዝገቡን መርምሮ ፍርድ ለመስጠት" ተብሎ ይቀጠራል። በዕለቱ ስትሄዱ "መዝገቡ ተመርምሮ ስላላለቀ"። ክረምት ከመጣ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ለዕረፍት ይዘጋል።

ዳኞቹን ለመውቀስ አይደለም። የመዝገብ ክምር አለባቸው። ምስክር ሲናገር ብዙ ቦታ ዳኛው ራሱ ነው በእጁ የሚጽፈው። "ቀስ በል፣ ልጻፍበት" ሲል ሰምቻለሁ። ምስክሩ የጀመረው ሐሳብ እዚያው ይቆረጣል። ይሄን አንድ የድምፅ መቅጃ ይገላግለዋል። እንዲህ ያለ ቴክኖሎጂ ሲመጣ እኔ አጨበጭባለሁ።

ግን ሁሉም በማሽን አይፈታም። በእንግሊዝና ዌልስ በፈረንጆቹ 2016 ትልቅ የፍርድ ቤት ማሻሻያ ተጀመረ። 1 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ የተመደበለት ነው፣ ማለቂያውም ደጋግሞ ተራዝሟል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ እኔን የያዘኝ የፍቺ ማመልከቻው ነው። በወረቀት ሲሞላ 40 በመቶ የሚሆነው ስህተት ነበረበት። ኦንላይን ሲደረግ ከ1 በመቶ በታች ወረደ። ይሄ የኮምፒውተሩ ተአምር አይመስለኝም። ቅጹ ሰው በሚገባው ቋንቋ፣ አንድ በአንድ እንዲጠይቅ ሆኖ እንደ አዲስ ስለተሠራ ነው። ያንኑ የድሮ ቅጽ ስካን አድርገው ቢጭኑት ኖሮ ስህተቱም አብሮ ይጫን ነበር።

እኛስ? የሚገርማችሁ፣ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መጨረሻው ላይ የአቤቱታ ናሙናዎች አሉት። ክሱም መልሱም በእነሱ መልክ ይቅረብ ይላል። 284 እና ተከታዮቹ አንቀጾች ላይ ደግሞ ለዕዳና ለመሳሰለው አጭር ሥነ ሥርዓት አስቀምጧል። ማለትም ነገሩ ቀላል ይሁን የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። እስካሁን ግን ገበሬው ፍርድ ቤቱ በር ላይ ያለችው ጽሕፈት ቤት ገብቶ ለማመልከቻ ጸሐፊው ከፍሎ ያስጽፋል። ጸሐፊው ያውቃል፣ አይ አልልም። ግን ስለ አንዲት ማሳ ድንበር አምስት ገጽ?

በቅርቡ ከመጡት ውስጥ የምወደው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ያመጣውን ፍርድ ቤት መር አስማሚነት ነው፤ ባለጉዳዮቹ ከመሟገት ይልቅ እዚያው ፍርድ ቤቱ ውስጥ በአስማሚ እንዲስማሙ የሚሞከርበት ማለት ነው። እሱ የፌዴራሎቹን ነው የሚገዛው፣ ግን ሐሳቡ ለሸዋ ሽማግሌ እንግዳ አይደለም። ኬብልም አይፈልግም።

የፕላዝማ ችሎት ላይ፣ ባለጉዳዩ ከሩቅ ሆኖ በስክሪን የሚከራከርበት ላይ፣ ልቤ ሁለት ነው። ለእኔ ትውልድ ፕላዝማ ሲባል ትዝ የሚለው የሁለተኛ ደረጃው ነው፤ ገባን አልገባን መምህሩ ጥሎን ይሄድ ነበር። ለሰበር ክርክር፣ ማለትም የመጨረሻው ፍርድ የሕግ ስህተት አለበት ተብሎ ለሚቀርበው፣ አዲስ አበባ ድረስ ከመሄድ ቅርብ ከተማ ስክሪን ፊት መቆም በጣም ይሻላል። እዚያ ክርክሩ ሕግ ላይ ነው። ምስክር ሲሆን ግን ከካሜራው ጀርባ ማን ቆሞ ዓይኑን እንደሚያፈጥበት ማን ያያል? እሱን በአካል ቢያደርጉት እመርጣለሁ።

ደግሞ ኔትወርክ አለ። ነሐሴ 2015 ላይ በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ፋይሉ በሙሉ ኢንተርኔት ላይ ብቻ ቢሆን ያኔ ምን ይኮን ነበር? መብራት ሲሄድስ? ወረቀቱን ቶሎ አታቃጥሉት ባይ ነኝ።

ስለዚህ ከየት ይጀመር ብትሉኝ ከስልክ ነው የምለው። ክስ ሲቀርብ የሁለቱም ወገን አድራሻ ይጻፋል። ስልክ ቁጥሩም አብሮ ይግባ። ዳኛው የማይኖር ከሆነ ዋዜማውን መዝገብ ቤቱ ይደውል። በአማርኛ፣ በድምፅ ይሁን፣ ምክንያቱም አጭር መልዕክት ማንበብ የማይችል ብዙ ሰው አለ። ለዚህ ትንሿ ኖኪያም ትበቃለች። ሪባን አይቆረጥለትም፣ ዜናም አይሆንም፣ ግን ከመሐል ሜዳም ከዓለም ከተማም ለባዶ የሚነሳውን ሰው ቤቱ ያስቀረዋል።

መዝገብ ቤት የምትሠሩ ካላችሁ ግን ጻፉልኝ። አንድ ሠራተኛ በቀን ስንት ሰው ጋ መደወል ይችላል? የካርዱንስ ሂሳብ ማን ይሸፍናል? መልሳችሁን በሚቀጥለው ዝግጅት አነበዋለሁ። እስከዚያው ደህና ሁኑ።