ልኳንዳው ሲዘጋ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የምቀዳው ቤቴ ሆኜ ነው፣ አራት ኪሎ። «ፒያሳ! ፒያሳ!» የሚል ድምፅ ከገባባችሁ የታክሲ ረዳቱ ነው። መስኮቱን መዝጋት አልፈለግኩም፤ የማወራው ከዚህ ሆኜ ስለማየው ነገር ነውና።

ፊት ለፊቴ ልኳንዳ አለ። ቅበላ ሰሞን በሩ ላይ መቆሚያ አልነበረም። ሥጋ ቆራጩ ሞራውንና ጅማቱን ገፍፎ ወደ ውጭ ሲወረውር፣ ውሾቹ መሬት ሳይነካ ይቀልቡታል። ከላይ ጭልፊቶች ይዞራሉ። አንዷማ ቁልቁል ተወርውራ ከውሻ አፍ ሥር ነጥቃ ስትሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ማታ ውሾቹን ቆጠርኳቸው፣ 11 ነበሩ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባና ልኳንዳው ተዘጋ። ይኸው ደብረ ዘይትም አለፈ። አሁን በሩ ላይ የማያት አንዲት ቡላ ውሻ ብቻ ናት። ጡቶቿ ተንጠልጥለዋል፣ አራስ ናት። በየማታው ትመጣና ከብረት በሩ ሥር ያለውን የሲሚንቶ ቦይ ትልሳለች። ሥጋው ሲታጠብ ደም ያዘለ ውሃ የሚወርድበት ቦይ ነው። ከደረቀ ስንት ቀኑ! እሷ ግን ትልሳለች።

የግቢያችንን ዘበኛ «ጋሼ፣ ሌሎቹ የት ገቡ?» አልኳቸው።

«ገሚሶቹ ወደ ገንዳው ወርደዋል ልጄ። ሁለቱን ሞተው አንስተናቸዋል። ይቺ ቡችሎቿ እዚሁ ከአጥሩ ሥር ስላሉ የት ትሄዳለች ብለሽ ነው?»

ከዚያ ማታ ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቅ ብሎኛል። አንድ ቦታ ላይ ስንት እንስሳ እንደሚኖር የሚወሰነው መቼ ነው? በጥጋቡ ሰሞን ነው ወይስ በችጋሩ?

በፈረንጆቹ 2012 የወጣ አንድ ጥናት አለ፤ እኛን እኛን ስለሚሸት በጣም እወደዋለሁ። ቦታው ትግራይ ነው። እዚያ የዱር እንስሳቱ ስለተመናመኑ ጅቡ የሚኖረው ከሰው በተረፈ አጥንትና ሥጋ ነው። ተመራማሪዎቹ ከሁዳዴ በፊት፣ በጾሙ ጊዜና ከጾሙ በኋላ የጅብ ኩስ ሰበሰቡ፤ ከ500 በላይ። ከዚያ ውስጥ የተገኘውን ፀጉር የማን ነው ብለው ለዩ። ከጾሙ በፊት የአህያ ፀጉር የተገኘበት 14.8 በመቶ ነበር። በሁዳዴ 33.1 በመቶ ደረሰ። ከፋሲካ በኋላ ወደ 22.2 ወረደ። በቃ፣ እኛ ሥጋ ስንተው ጅቡ ወደ አህያ ዞረ። አስቡት፣ አህያዪቱ የማንን ጾም እንደከፈለች!

ጅብ ግን ብልሃተኛ ነው፣ አንዱ ቢዘጋበት ሌላ ያገኛል። ሌላ የሌለውስ?

አላስካ ዳርቻ፣ ቤሪንግ ባሕር ላይ ሴንት ማቲው የምትባል ደሴት አለች። በፈረንጆቹ 1944 አሜሪካኖች 29 ሬይንዲር፣ የበረዶ አገር አጋዘን ማለት ነው፣ ወስደው ለቀቁባት። አዳኝ አውሬ የለም። መሬቱን ደግሞ ላይከን የሚባል፣ ሽበት የመሰለ የሚበላ ነገር ሸፍኖታል፤ ክረምቱን የሚሻገሩት እሱን በረዶ ሥር እየፈለጉ ነው። ችግሩ፣ እሱ አንዴ ከተጋጠ መልሶ የሚያድገው በብዙ ዓመት ነው። አጋዘኖቹ ወፈሩ፣ ተዋለዱ። በ1963 ወደ 6,000 ደረሱ። በጋውን ላየው ሰው ደሴቲቱ ገነት ናት፣ ሣሩ አለ፣ ቅጠሉ አለ። የክረምቱ ስንቅ ግን እግራቸው ሥር አልቋል። ከዚያ ከባድ በረዶ የጣለበት አንድ ክረምት መጣ። በ1966 ሰዎች ሄደው ሲቆጥሩ 42 አገኙ። 41ዱ ሴቶች ናቸው፣ ወንዱ አንድ ብቻ፣ እሱም ቀንዱ በደንብ ያልወጣ። ቆይቶ ዘራቸው ከደሴቲቱ ጠፋ።

6,000ውን የገደለው በረዶ ነው ልንል እንችላለን። እኔ ግን እንደዚያ አይመስለኝም። የበጋው ሣር ነው ያታለላቸው። በጋ የወለደውን ሁሉ ክረምት መቀለብ አልቻለም።

የኛ ቀይ ቀበሮ ደግሞ በሌላ በኩል ነው የተያዘው። በዓለም ላይ ያለው ከ500 ብዙም አይበልጥም፣ የሚበዛውም ባሌ ነው። የሚበላው ፍልፈልና አይጥ ነው፤ እነሱ የሚበዙት ደግሞ ቀዝቃዛው የተራራ አናት ላይ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ግዛቱን አስከብሮ ይኖራል፣ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደውም አንዲቷ ሴት ብቻ ናት፣ ሌሎቹ ግልገሉን ያሳድጋሉ። እርሻና ከብት ሽቅብ በወጣ ቁጥር ያ ግዛት ይጠባል። ቀበሮው ከተራራው አናት በላይ የሚሄድበት የለውም። ይሄ ያንገበግበኛል፣ አልደብቃችሁም።

ወደ ደጄ ልመለስና፣ በቅበላ ሰሞን ሁላችንም ለጋስ ነን። አጥንቱም ፍርፋሪውም ይወረወራል፤ ውሻዋም ያረገዘችው ሥጋው ሲትረፈረፍ ነው። ቡችሎቹ ዓይናቸውን የገለጡት ግን በዝግ በር ፊት ነው።

ትናንት ማታ የሽሮ ፍርፍር በላስቲክ ይዤ ወረድኩ። መጀመሪያ ሸሸችኝ። አስቀምጬላት ዞር ስል መጥታ በላች፤ በላች ሳይሆን ዋጠች ማለት ይሻላል። ከዚያ ላስቲኩን በጥርሷ ይዛ ወደ አጥሩ ሥር ገባች። ጎንበስ ብዬ በስልኬ ባትሪ አበራሁ። አራት ናቸው። ሦስቱ ላስቲኩን እየተሻሙ ነው፣ አራተኛው አልተነሳም።

ፋሲካ ገና ከሦስት ሳምንት በላይ ይቀረዋል። ዛሬም ማታ እወርዳለሁ።