ሐይቁ ሲሸሽ ሰው የት ሄደ?

[ምስል፦ ከመኪና መስኮት የሚታይ፣ ከመቂ ወደ ባቱ የሚወስደው መንገድ]

ከሞጆ ወደ ሻሸመኔ ስትሄዱ፣ መቂን እንዳለፋችሁ በመስኮት ወደ ውጭ ተመልከቱ። ግራር፣ የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳ፣ አቧራ። ብዙዎቻችን በዚህ መንገድ የምናልፈው ላንጋኖ ለመድረስ ስንቸኩል ነው። መሬቱን ልብ አንለውም። ግን ያን ሰዓት የምትጓዙት በድሮ ሐይቅ ወለል ላይ ነው።

ከ9ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አራት ሐይቆች አልነበሩም። አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። የውሃው ከፍታ ዛሬ የሻላ ውሃ ካለበት በ100 ሜትር ይበልጥ ነበር። ባቱ ከተማ የቆመችበት መሬት ውሃ ውስጥ ነበር። ሐይቁ ሞልቶ በሰሜን በኩል ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። የቡልቡላ ወንዝ የሸረሸረውን ገደል ብታዩ ነጣ ያለ የአፈር ንብርብር አለው። እሱ የዚያ ሐይቅ ደለል ነው።

ታዲያ ያ ሁሉ ውሃ የት ገባ?

[ምስል፦ የሚሾር እንዝርት]

እንዝርት ሲሾር አይታችሁ ታውቃላችሁ? በራሱ ላይ እየተሽከረከረ አናቱ ቀስ እያለ ይወዛወዛል። መሬትም እንደዚያ ናት። አንዱን ውዝዋዜ ለመጨረስ 20 ምናምን ሺህ ዓመት ይፈጅባታል። በዚህ ምክንያት ለፀሐይ እጅግ የምትቀርብበት ወር ይቀያየራል። ዛሬ እጅግ የምትቀርበው በገና ሰሞን ነው። ከ11ሺህ ዓመት በፊት ግን በሰኔና በሐምሌ አካባቢ ትቀርብ ነበር።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ለኛ ክረምት ግን ትልቅ ነገር ነበር። በእነዚያ ወራት የሰሜን አፍሪካ ምድር ከዛሬው የበለጠ ይግል ነበር። የጋለ መሬት አየሩን ወደ ላይ ይሰድዳል። በቦታው ከባሕር እርጥብ ነፋስ ይገባል። ክረምቱ በረታ፣ ወደ ሰሜንም ርቆ ሄደ። ሰሃራ ሳይቀር ሣርና ሐይቅ ነበረው። በአልጄሪያ የታሲሊ ተራሮች ድንጋይ ላይ የተሳሉት ከብቶችና ጉማሬዎች የዚያ ዘመን ምስክር ናቸው። ከዚያ መሬት በውዝዋዜዋ ቀጠለች፣ ክረምቱም እየሳሳ ሄደ። ከ5ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ሰሃራ በረሃ ሆነ። የኛም ትልቅ ሐይቅ ጎደለና ለአራት ተከፈለ።

ሰዎቹስ? ተነሥተው ሄዱ። የሰሃራ ከብት አርቢዎች ከብታቸውን እየነዱ ወደ ዓባይ ሸለቆና ወደ ደቡብ ወረዱ። ቀላል ነበር ማለቴ አይደለም። ግን መሄጃ ነበራቸው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

[ምስል፦ ጣና ላይ የደንገል ታንኳ]

ከዚያም ብሶ ያውቃል። ተመራማሪዎች ከጣና ወለል ደለል ቆፍረው ሲያወጡ ያገኙት ነገር እኔን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ከ16ሺህ 700 ዓመት ገደማ በፊት ጣና ደርቆ ነበር። ጣና! በመሃሉ ሳይቀር የቀረው የደንገል ረግረግ ነበር። ከጣና ወደ ዓባይ የሚወጣ ውሃ አልነበረም። በዚያው ዘመን ቪክቶሪያ ሐይቅም ደርቆ ነበር።

ምክንያቱ የመጣው ከሩቅ ነው። የበረዶው ዘመን እያበቃ ሲሄድ ከሰሜን አሜሪካ ግዙፍ የበረዶ ክምሮች እየተገመሱ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ገቡ። ቀለጡ። ጨው አልባው ቀዝቃዛ ውሃ ሙቀት ወደ ሰሜን የሚያጓጉዘውን የባሕር ጅረት አዳከመው። የዝናቡም ሥርዓት ከሰሜን አፍሪካ እስከ እስያ ተናጋ። በሌላ የዓለም ጫፍ የቀለጠ በረዶ ጎጃም ድረስ መጥቶ ሐይቅ አደረቀ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሣ ጥያቄ አለ። «የአየር ንብረት ድሮም ይለወጥ ነበር፤ የዛሬው በምን ይለያል?» ጥያቄው ቅን ነው፣ መልስም ይገባዋል።

ትኩሳት ይዟችሁ ክሊኒክ ብትሄዱ ሐኪሙ «ድሮም ሰው ያተኩሰው ነበር» ብሎ አይመልሳችሁም። ወባ ይሁን ታይፎይድ ለማወቅ ደም ያስመረምራል። የመሬትም ትኩሳት ተመርምሯል።

ፀሐይ ናት? የፀሐይ ጉልበት ከ1978 (በፈረንጆች) ጀምሮ በሳተላይት ይለካል፤ ሙቀቱን የሚያስረዳ ጭማሪ አላሳየም። ደግሞም ፀሐይ ብትሆን ኖሮ ከላይ ያለው የአየር ክፍል አብሮ ይሞቅ ነበር። እሱ ግን እየቀዘቀዘ ነው። ከታች ብርድ ልብስ የተደረበ ይመስል ሙቀቱ እታች ታምቋል። የመሬት ውዝዋዜስ? እሱ በሺህ ዓመታት የሚቆጠር ነው፣ በአንድ ሰው ዕድሜ ይህን አያመጣም። እሳተ ገሞራስ? በዓመት የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰው ከሚያወጣው ጋር ሲተያይ ከመቶ አንድ አይሞላም።

ብርድ ልብሱ የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅና ጋዝ ስናቃጥል የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከፋብሪካ ዘመን በፊት በአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውል ውስጥ 280 ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። ዛሬ ከ420 በላይ ነው። በአንታርክቲካ በረዶ ውስጥ ታምቆ የቆየው ጥንታዊ አየር እንደሚያሳየው፣ ከፋብሪካው ዘመን በፊት በነበሩት 800ሺህ ዓመታት ውስጥ 300ን በግልጽ ያለፈበት ጊዜ የለም።

ፍጥነቱን ደግሞ እዩት። ከበረዶው ዘመን ሲወጣ ይህ ቁጥር ከ190 አካባቢ ወደ 270 ለመውጣት ብዙ ሺህ ዓመት ፈጅቶበታል። እኛ ከዚያ የበለጠ የጨመርነው ከ200 ዓመት ባነሰ ጊዜ ነው። «እኛ» ስል ግን ቅር ይለኛል። አፍሪካ በሙሉ የዓመቱ ድርሻዋ ከመቶ አራት ገደማ ነው፣ ያውም ከዚህ አብዛኛው የደቡብ አፍሪካና የሰሜን አፍሪካ አገሮች ነው። የቦረና አርብቶ አደር ምን አቃጠለ?

[ምስል፦ ቦረና፣ የደረቀ ኩሬ]

ቦረናን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ከ2020 መጨረሻ (በፈረንጆች) ጀምሮ በቦረና፣ በሶማሌ ክልል፣ በሶማሊያና በሰሜን ኬንያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። አምስት! አርብቶ አደር አንድ ክፉ ወቅት ያውቃል። ሁለትም ቢሆን ከብቱን አርቆ እየነዳ፣ ከዘመድ እየተጠጋ ያልፈዋል። አምስት ግን ከብት አያስተርፍም። ከብታቸው ያለቀባቸው ቤተሰቦች ዱብሉቅን በመሰሉ ቦታዎች በላስቲክና በጨርቅ መጠለያ ሰፈሩ። በ2023 የወጣ የሳይንቲስቶች ትንተና እንደሚለው፣ የሰው ልጅ ያመጣው ሙቀት እንዲህ ያለው ድርቅ የመከሰት ዕድሉን 100 እጥፍ ገደማ አሳድጎታል። ዝናቡ ማነሱ ብቻ አይደለም፣ የዘነበውንም ትንሽ ውሃ የጋለው አየር ከአፈሩ መጥጦ ይወስደዋል።

የጋለ አየር ብዙ ውሃ ይሸከማል፤ በአንድ ዲግሪ ከመቶ ሰባት ገደማ ይጨምራል። የተሸከመውን ደግሞ አንድ ቀን ያወርደዋል። በ2023 መጨረሻ ኤልኒኖ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ በየጥቂት ዓመቱ መሞቅ) ሲመጣ በዚያው በድርቅ በተጎዳው የሶማሌ ክልል ጎርፍ ቤትና ከብት ወሰደ።

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። የደረቀ ሁሉ በአየር ንብረት ለውጥ አይሳበብ። ሐረማያ ሐይቅ የደረቀው በአብዛኛው ውሃው ለመስኖና ለከተማ ተስቦ፣ ከተራቆተው ተራራም ደለል ገብቶበት ነው። የአብያታም መኮማተር የሰው እጅ አለበት። ሙቀቱ በዚያ ላይ ይጨመራል። የራሳችንን ድርሻ ካላመንን ማስተካከል የምንችለውንም እናጣለን።

ደጋውም አልተረፈም። በደብረ ዘይት አካባቢ የተሰበሰበ የወባ መረጃ፣ ሞቅ ባሉ ዓመታት ወባ ወደ ከፍታ ቦታዎች እንደሚወጣ አሳይቷል። የደጋ ሰው ከወባ የሚጠብቀው ብርዱ ነበር።

[ምስል፦ ባሌ፣ ሰነቴ አምባ]

አሁን ወደ መሄጃው ልመለስ። በባሌ ተራሮች፣ 3,469 ሜትር ላይ፣ ፍንጫ ሀበራ የሚባል ዋሻ አለ። ከ47ሺህ እስከ 31ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች በየጊዜው እየመጡ ይኖሩበት ነበር። በበረዶው ዘመን! ቆላው ደረቅ በነበረበት ጊዜ እዚያ ላይ ከበረዶው የሚወርድ ውሃ ነበር። ምግብም ነበር፤ ትልቅ ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ እንደነበር አጥንቱና አመዱ ይናገራል። ቆላው ሲከፋ ደጋ ወጡ ማለት ነው።

ያ ትልቁ ፍልፈል ዛሬም ባሌ ላይ አለ። ከባሌ በቀር በዓለም የትም የለም። በዓለም የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። ከግማሽ በላዩ እዚያው ባሌ ናቸው፣ ዋና ምግባቸውም እሱ ነው። ብርዱ ወደ ላይ ሲሸሽ እነሱም ወደ ላይ ይከተሉታል። የባሌ ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ከዚያ በላይ መሬት የለም።