ባሕር እንዴት ይሳላል?

[ስክሪኑ ላይ፦ ጥቁርና ነጭ ፎቶ። ከላይ ሰማይ፣ ከታች ውሃ።]

እስቲ ይህን ፎቶ ልብ ብላችሁ እዩት። መርከብ የለም። ወፍ የለም። ሰው የለም። አድማሱ ፎቶውን እኩል ለሁለት ከፍሎታል፤ በቃ።

ያነሣው ጃፓናዊው ሂሮሺ ሱጊሞቶ ነው። እንዲህ ያሉ የባሕር ፎቶዎችን ማንሣት እ.ኤ.አ. በ1980 ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ባሕሮችን አንሥቷል፤ አቀራረቡን ግን አልቀየረም። ያነሣሣው አንድ ጥያቄ ነው፦ የጥንት ሰው ያየውን ነገር እኛ ዛሬ እንዳለ ማየት እንችላለን ወይ? የብስ ላይ ይሄ ይከብዳል። መሬቱ ታርሷል፣ ደኑ ተመንጥሯል፣ ከተማ ተገንብቶበታል። ዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው ግን ባሕሩ ያው ባሕር ነው።

[ስክሪኑ ላይ፦ የእርሳስ ሥዕል፣ ቀስ እያለ እየቀረበ።]

ይሄኛው ደግሞ ፎቶ ይመስላል፤ አይደለም። በእርሳስ የተሣለ ነው። ላትቪያ የተወለደችው አሜሪካዊት ቪያ ሴልሚንስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሆና ፓስፊክን ፎቶ ታነሣ ነበር። ከዚያ ፎቶውን እያየች ሞገዱን አንድ በአንድ ትሥላለች። አድማስ የለውም፣ ዳርቻ የለውም። ዓይናችሁ የሚያርፍበት ቦታ ያጣል። ጠጋ ስትሉ የእርሳስ ጭረት ብቻ ነው። ራቅ ስትሉ ውሃው ይነቃነቃል። ባሕር ለአፍታ እንኳ አይረጋም፤ እሷ ግን ቁጭ ብላ፣ ሳትቸኩል ሠራችው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይሄ ትዕግሥት ነው።

እስካሁን ያየነው ባሕር ባዶ ነው። ግን ባሕር ባዶ ሆኖ ያውቃል?

[ስክሪኑ ላይ፦ ጎን ለጎን የቆሙ ሦስት ስክሪኖች።]

ጋና ተወልዶ እንግሊዝ ያደገው ጆን አኮምፍራ እ.ኤ.አ. በ2015 በየሁለት ዓመቱ ጣሊያን ውስጥ በሚካሄደው የጥበብ ዐውደ ርዕይ፣ በቬኒስ ቢየናሌ ያቀረበው የቪዲዮ ሥራ «ቨርቲጎ ሲ» ይባላል። በሦስት ስክሪን በአንድ ጊዜ ይታያል። አንዱ ላይ ልብ የሚሰርቅ ውሃ ታያላችሁ። ጎኑ ላይ ዓሣ ነባሪ ሲታደን፣ ወይም ከነሕይወታቸው አትላንቲክ ውስጥ የተጣሉ ባሮች ታሪክ ይመጣል። የዛሬዎቹ ስደተኞችም አሉበት። ከውበቱ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ግፉ ይመጣባችኋል፤ አንዱን መርጦ ማየት አይቻልም። በእኔ ግምት ስለ ባሕር ከተሠሩት ሁሉ ከባዱ ሥራ ይሄ ነው።

በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ቻይናዊው አይ ዌይዌይ በርሊን የሚገኝ አንድ የሙዚቃ አዳራሽ ዓምዶችን በ14,000 የሕይወት አድን ጃኬቶች ሸፈናቸው። ጃኬቶቹ ከግሪኳ ሌስቦስ ደሴት የመጡ፣ ስደተኞች ለብሰው የተሻገሩባቸው ናቸው። ባሕሩን አልሣለውም። ያለፉበትን ሰዎች ግን በየዓምዱ ላይ ታስባላችሁ።

[ስክሪኑ ላይ፦ ከውሃ ሥር፣ እጅ ለእጅ የተያያዙ ሐውልቶች።]

እንግሊዛዊው ጄሰን ዴኬርስ ቴይለር ደግሞ ሥራውን ባሕሩ ውስጥ አስገባው። እ.ኤ.አ. በ2006 በካሪቢያኗ ግሬናዳ፣ ሐውልቶቹን ባሕር ወለል ላይ አቆመ። ከእነሱ አንዱ ክብ ሠርተው እጅ ለእጅ የተያያዙ ልጆች ናቸው። ቅርጹ ከእውነተኛ ሰው ገላ ላይ ይወሰዳል። ሲሚንቶው የባሕር ፍጥረታትን የማይጎዳ ዓይነት ነው። ገጹም ሻካራ ነው፤ ኮራል የሚባለው፣ ከባሕር ወለል ጋር ተጣብቆ የሚያድገው ፍጡር፣ የሚይዘው ሻካራ ነገር ይፈልጋላ! ከዚያ ስፖንጅ የሚባለው የባሕር ፍጡር ይበቅላል፣ የውሃ ሽበት የሚመስለው አልጌ ፊቱን ይሸፍናል፣ ዓሣው ይጠጋበታል።

ለማየት መጥለቅ ወይም ወለሉ መስታወት በሆነ ጀልባ መሄድ ያስፈልጋል። ታዲያ ዛሬ ያያቸውና ከዓመታት በኋላ የሚያያቸው ሰው አንድ ዓይነት ሐውልት አያዩም።